ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አባባን ምን እንጠይቃቸው?

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ቤት ካሉት አዛውንት አጠገብ ለ40 ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ዕድሜያቸው በቤተሰብ፣ በሥራና በቀበሌ ያለፈ ነው፤ ሦስቱንም ጠይቋቸው። ብቻ «እስቲ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ ኖርን እንጂ» ብለው ይዘጉታል። «የመጀመሪያ ደመወዝዎን ማን ከፈለዎት? የት ላይ ፈረሙ?» ስትሏቸው ግን ገንዘብ ያዡም፣ መዝገቡም፣ በዚያ ብር የተገዛው ጫማም ተከታትሎ ይመጣል።

ዓመተ ምሕረት ላይ አታስጨንቋቸው። ብዙ አዛውንት ዘመኑን የያዙት በወንጌላዊው ነው፤ «በሉቃስ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ተወለደች» ይላሉ። ይህን እንደ ተራ ወሬ አትለፉት፤ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፦ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1967 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜንም 6 ሆናለች። እንግዲህ «ሉቃስ» ካሉ ያላችሁ ምርጫ 1963፣ 1967፣ 1971 እያለ የሚሄደው ብቻ ነው። የቀረውን በታወቀ ነገር አጥብቡት። ተማሪዎቹ ለዕድገት በኅብረት ሳይዘምቱ ነው ወይስ ከዘመቱ በኋላ? ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው? ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ያኔ ረመዳን በክረምት ይገባ እንደነበር ወይም በበጋ ጠይቁ። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ውጭ አገር ላሉት ልጆች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ላለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ። ጳጉሜን 6 ሆና በባተው ዓመት ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ላይ ነው። ቁጥሩ ሥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተጻፈ ከጊዜ በኋላ አንዱ ተነሥቶ ሌላ 8 ይደምርበታል፤ አያት ከልጃቸው ጋር እኩያ ሆነው የሚገኙት በዚህ ነው።

ቤተሰብ ላይ የአባት ወገን አያስቸግርም፤ ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጠር የኖረ ነው። የሚጠፋው የእናት ወገን ነው። የእማማን አባት ስም እንጂ የእናታቸውን እናት ስም የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ። የክርስትና ስምና የቤት ስም ለየብቻ ይጻፍ፤ ደብዳቤ ላይ ያለውና ፎቶ ጀርባ ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ባልና ሚስትን አንድ ላይ አትጠይቁ፤ አንዳቸው ያወራሉ፣ ሌላኛው «ልክ ነው» እያለ ያልቃል።

ሥራን በተመለከተ የቅጥር፣ የዝውውርና የጡረታ ደብዳቤዎችን ዘርግቶ ቁጥርና ቀን እያነበቡ መጠየቅ ይበቃል።

ቀበሌ ላይ ግን ቀስ በሉ፤ ድምፃችሁ የመርማሪ እንዳይመስል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ለቀበሌ ሰጠ። በገጠርም በዚያው ዓመት የካቲት 25 በታወጀው በአዋጅ ቁጥር 31 መሠረት ቢያንስ 20 ጋሻ በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ትናንት ጎረቤት የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ ኪራይ ሰብሳቢ፣ የፍርድ ሸንጎ ዳኛ፣ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ ሆነ። «ምን ነበሩ?» ሳይሆን «የኅብረት ሱቁ በየትኛው ቀን ይከፈት ነበር? ስኳር ለአንድ ቤት ስንት ኪሎ ይደርስ ነበር? ያልደረሰው ሰው ለማን ይጮህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰፈሩ ፖለቲካ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ ከሆነ «ቀበሌ 12» ብቻ አይበቃም፤ ከቀበሌው በላይ የነበረው አስተዳደር፣ «ከፍተኛ» የሚባለው፣ የትኛው ነው? የቀበሌ ቁጥር በየከፍተኛው ይደጋገም ነበር።

ስለ ቀይ ሽብር ዓመታት ዝም ካሉ እናንተም ዝም በሉ። «አጥፉት» ካሉ ወዲያው ይጥፋ። በስም ጠርተው የወቀሱት ሰው ልጆች ዛሬም እዚያው ሰፈር ይኖሩ ይሆናል፤ ያን ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡት፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁት።

ሲቀረጹ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ በመሀል የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት ስኒ ባረፈ ቁጥር ይንኳኳል፤ የታጠፈ ነጠላ ከሥሩ አድርጉ፣ ከአፋቸውም ከአንድ ክንድ አይራቅ። መጀመሪያ 1 ደቂቃ ቀድታችሁ መልሳችሁ ስሙት። በተለመደው ጥራት የ1 ሰዓት ድምፅ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ጫናው በፊት በኩል ያብጣል፣ ቀለሙም ወደተደረበው ፎቶ ይጋባል። ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙና ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ጻፉ። አዲሱ ለስላሳ የፎቶ ወረቀት እርሳስ ስለማይቀበል ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ፖስታው ላይ ጻፉበት።

ከ40 ደቂቃ በላይ አታቆዩዋቸው። ዓመት ቢሳሳቱ በመሀል አታርሙ፤ በተለይ ልጆች ከዳር ሆነው «አይ አባባ፣ እሱማ በ72 ነው» ማለት ከጀመሩ ወሬው የልጆቹ ይሆናል። ሲያበቁ «ሳንጠይቅዎት የቀረ ምን አለ?» በሉና ቀረጻውን ሳታቆሙ ጠብቁ፤ «ኧረ ምንም» ካሉ በኋላም ትንሽ ቆዩ።

መልካም አዲስ ዓመት!