ትምህርት ቤቱ ሳይመሠረት የተገረፉት ተማሪ

የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኮራበት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምተርከውን ጥፋት የስፖርት መምህሩ ቢሠራው ኖሮ ማንም እንደማይፈርድበት እንዲታወቅልኝ ነው።

የማስተምርበትን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትም እዚያው ነው። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሲሆን ዛሬም በተመታ ቁጥር ያረፈድኩ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ከዚያው ነው።

ሐምሌ ላይ ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ቢሯቸው አስጠሩኝና፣ «መምህር፣ ትምህርት ቤታችን ዕድሜው ስንት ነው?» አሉኝ። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ድግስ ካልደገስን ብለው አስጨንቀዋቸዋል። የድንኳን ኪራይ ስለተወደደ አዲሱን ዓመትና የትምህርት ቤቱን ልደት በአንድ ቀን ለማክበር ተወስኗል። የሚከበረውን ቁጥር ግን የሚያውቅ ጠፋ። የድሮውን መዝገብ ምስጥ አንብቦ ጨርሶታል።

«ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

ሁለት ቀን ግቢውን ስዞር ሰነበትኩ። በመጨረሻ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ከጽዱ ሥር አንድ ድንጋይ አገኘሁ። ኖራ በኖራ ላይ ተደራርቦበት የግድግዳው አካል መስሏል። በቢላዋ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው የላቲን ፊደል ብቅ አለ። «አኖ ዶሚኒ» ይላል፤ ቀጥሎ 1948 ተብሎ ተቀርጿል። ከቁጥሩ በላይ ሁለት የተጋደሙ መስቀሎች አሉ፤ በመካከላቸው አንድ ዘንግ ቆሟል። ራቅ ብሎ ደግሞ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል።

አኖ ዶሚኒ ማለት «በጌታ ዓመት» መሆኑን አውቃለሁ። በእኛ ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። ስለዚህ 1948 ዓ.ም.! ከ2018 ላይ ሲቀነስ 70 ይመጣል። ክብ፣ ድፍን፣ ትርፍራፊ የሌለው 70። እንዲህ ያለ ቁጥር እጁ ላይ የወደቀለት ሰው መልሶ አይቆጥርም፤ አማትቦ ይቀበላል።

ምልክቶቹንም ለሲስተር ተረጎምኩላቸው። «ዘንጉ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመከራ መካከል ጸንታ የቆመች። ሦስቱ መስመሮች ቅድስት ሥላሴ ናቸው።» ሲስተር ድንጋዩን ሳያዩ በቃሌ ብቻ አምነው «ግሩም ነው» አሉ። ማብራሪያዬ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ። አንዱን ቅጂ የስፖርት መምህሩ እስከ ዛሬ ኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ብለምነው አልመልስም ብሏል።

ከዚያ በኋላ 70 ግቢውን ሞላው። 300 ካናቴራ ደረቱ ላይ 70 ታተመበት። ስድስት ሜትር ባነር «እንኳን ለትምህርት ቤታችን 70ኛ ዓመትና ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» ተብሎ ተጻፈ። እናቶች በኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ ላይ 70ን በሊጥ ጠፍጥፈው አወጡ። የስፖርት መምህሩ ደግሞ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን አደይ አበባ አስይዞ ሜዳው ላይ የቁጥሩን ቅርጽ ሊያሠራ ተነሣ። ሰባቱ ወዲያው ተሰለፈ። ዜሮው ግን ጳጉሜንን በሙሉ አስለፋው፤ አንዴ እንቁላል፣ አንዴ ድንች፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምንም ይሆናል፤ ልጆቹ ተበትነው ኮርኒሱ ሥር ይጠለላሉ።

መስከረም 3 ቀን ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ድንኳኑ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይጤሳል። ቅዳሴው አልቆ እንግዶች ቦታቸውን ያዙ፤ የእንቁጣጣሽ ልብስ የለበሱ ትንንሽ ልጃገረዶችም እየዘፈኑ አበባ አደሉ። ከዚያ «የትምህርት ቤታችንን ታሪክ የሚያቀርቡልን…» ተባለና ማይክራፎኑን ጨበጥኩ።

ከሩቅ ነበር የጀመርኩት። ስለ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሳወራ፣ «በ1839 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ወደ አገራችን መጡ። በዚያው በ1839 ዓ.ም. አባ ማስያስም መጡ። ሁለቱ አባቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደገቡ ልንቆጥረው እንችላለን» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባ ግን አላጨበጨቡም። ሮም የተማሩ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው እንደ ትኩሳት መለኪያ ያዩኝ ጀመር። ስለ ትኩረታቸው በልቤ አመሰገንኳቸው።

ወደ ድንጋዩ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። 1948 ዓ.ም.! ሰባ ዓመት! ልጆቹ ሜዳው ላይ አበባቸውን አነሡ። ያን ዕለት ዜሮው እንኳ ክብ ሆኖ ነበር።

በዚህ መካከል ከሁለተኛው ረድፍ ጋቢ የደረቡ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ጥያቄ ይፈቀዳል?»

«እንዴታ አባባ!»

«ይህ ትምህርት ቤት መቼ ተመሠረተ ነው ያልከው?»

«በ1948 ዓ.ም.።»

«አልተሳሳትክም?»

«ድንጋይ ላይ ተጽፏል አባባ። ድንጋይ አይዋሽም።»

«ደግ» አሉ ሽማግሌው። ቀስ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እንግዲያው እኔ ከ41 እስከ 44 ድረስ የተገረፍኩት የት ነው?»

ድንኳኑ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ለሲስተር ሰጧቸው። የ1944 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል የውጤት ካርድ ነው። ማኅተሙ የራሳችን ማኅተም ነው፤ ሒሳብ 91፣ ጠባይ 40። «ጠባዩን አታንብቢው» ሲሉ ግን ሲስተር ጮክ ብለው አንብበውት ነበር።

አባ ምንም ሳይናገሩ ተነሡና ወደ ጸሎት ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ግማሹ ሕዝብ ተከተላቸው። እኔም ማይክራፎኑን እንደያዝኩ ስከተል ገመዱ አስቀረኝ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የነበረው ርኅራኄ ከቁጣ የከፋ ነበር።

«መምህር» አሉኝ፣ «ዘንግና መስቀል ያልከው የሮማውያን ቁጥር ነው። አሥራ ዘጠኝ። ሥላሴ ያልካቸውም ሦስት ናቸው። ሥላሴም ሦስት ናቸው፣ እዚያ ላይ አልተሳሳትክም። በሦስተኛው ወር፣ በ19ኛው ቀን፣ 1948፤ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። በእኛ መጋቢት 10 ቀን 1940 ዓ.ም.»

ድንጋዩን ያስቀረጹት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ናቸው። በማን ቁጥር እንዲጽፉ ፈልጌ ነበር?

«ያዕቆብና ማስያስም እጅ ለእጅ አልተያያዙም» ሲሉ ቀጠሉ አባ፤ ከጀመሩ አይቀር ማለታቸው ነው። «ያዕቆብ በ1839 የመጡት በአውሮፓውያን ነው። ማስያስ በ1839 የመጡት በእኛ ነው፣ በአውሮፓውያን 1846። ሰባት ዓመት በመካከላቸው አለ። በኋላ ያዕቆብን ምጽዋ ላይ ጳጳስ አድርገው የቀቧቸው ራሳቸው ማስያስ ናቸው፣ በ1849።» ትንሽ አሰቡና፣ «በአውሮፓውያን» ብለው ጨመሩ።

የሚያቃጥለው ነገር ይህንን ሁሉ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ መሆኔ ነው። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 የቀን መቁጠሪያውን ሲያስተካክሉ ከጥቅምታቸው 4 ማግስት 15 እንዲባል ማዘዛቸውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው የሰባት ስምንት ዓመቱን ልዩነት በእርሳቸው ላይ ያላክካል፤ እርሳቸው ያነሡት ግን አሥር ቀን ብቻ ነው። ዓመታቱ የተለያዩት ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ የጌታን ልደት ያሰላበት መንገድ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ከሚለው ከእኛ ሐሳብ ጋር አልገጠመም። ከመስከረም ጀምሮ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ሰባት ትቀንሳለህ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ባለፈው ዓመት ይህችኑ ጥያቄ ለሳተ ልጅ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ያን ዕለት ልጁ ሜዳው ላይ የቆመው ዜሮው ውስጥ ነበር፤ ከሩቅ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ሲስተር ግን አልተደናገጡም። ባነሩን ቀና ብለው አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ሜዳውን አዩ። «1940ን ከ2018 ቀንሱ» አሉ። 78 ሆነ። ወደ ስፖርት መምህሩ ዞረው፣ «ዜሮውን ወገቡ ላይ እሰሩት!» አሉት።

ፊሽካው ተነፋ። ግራና ቀኝ ያሉት ልጆች ወደ መሀል ሲጠጉ ዜሮው ወገብ አወጣና በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ሆነ። ጳጉሜንን ሙሉ አልሠራ ያለ ዜሮ፣ ለካ ስምንት መሆን ኖሯል ምኞቱ። አንዲት እናት ዳቦው ላይ ባለው ዜሮ መሀል የአደይ አበባ ዘለላ አጋደሙበት። የሥዕል መምህርቷ ማርከር ይዘው ካናቴራ የለበሰውን ሁሉ እያስቆሙ በደረቱ ላይ መስመር አሰመሩ። የጥበቃው ጋሼ ከመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ውስጥ የቁስል ፕላስተር ወስደው መሰላል ላይ ወጡና የባነሩን ዜሮ በፕላስተር አሰሩት። ቁስለኛ ስምንት ወጣው፤ ቢሆንም ይነበባል።

በረጅሙ ተነፈስኩ። በዚህ ጊዜ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ቲቸር፣ 78 እኮ አልሞላም።»

«እንዴት?»

«ከመጋቢት 1940 እስከ መስከረም 2018፣ 77 ዓመት ከስድስት ወር ነው።»

ቀስ ብላ ብትናገር ምን ነበረበት? ሒሳብ ሹሙ ሰምተዋል። 300 ካናቴራ በማርከር ከተሰመረ በኋላ መሆኑን ሲያስቡ ከወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ስምንትን ወደ ሰባት የሚለውጥ ፕላስተር ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

ሲስተር ባነሩን እንደገና አነበቡት። ጣታቸውን አንሥተው፣ «'ኛ' አለበት» አሉ። «78 ዓመት አይልም፣ 78ኛ ዓመት ነው የሚለው። ሰባ ስምንተኛውን ይዘናል። መስከረም ላይ የያዙትን ዓመት ማክበር ነውር ነው?» ነውር እንዳልሆነ ሁሉም ተስማማ። ሰዋስው ያስተማሩኝን ሁሉ ያን ጊዜ በልቤ መረቅሁ፤ ከአንዲት «ኛ» ሥር ተደብቆ ነፍሱን ያተረፈ የታሪክ መምህር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ድግሱ ከጠበቅነው በላይ ደመቀ። ሽማግሌውን ዳቦውን አስቆረስናቸው። ቡናው ሦስተኛው ጀባ ላይ ሲደርስ አጠገባቸው እንድቀመጥ ጠሩኝና ጠባይ 40 ያስገኘላቸውን ጉዳይ በሹክሹክታ ነገሩኝ። የሲስተርን ጆሮ ስለምፈራ እዚህ አልጽፈውም፤ ፍየል እንደነበረበት ግን መናገር እችላለሁ። ከዚያ ጣታቸውን ይቆጥሩ ጀመር።

«በሩ የተከፈተው መስከረም 1941 ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ገብቼአለሁ። እንግዲህ 75 የሞላው መስከረም 2016 ነው። የአልማዝ ኢዮቤልዩ! አለፈን ማለት ነው። በዚያ መስከረም ምን ስትሠሩ ነበር ልጄ?»

«አላስታውስም አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ሰኞ ዕለት ግን ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ የግቢ ውበት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አወጣሁና ወደ ኋላ ገለጥኩ። የመስከረም 2016ን ገጽ ምስጥ አልነካውም። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ከጽዱ ሥር ያለው አሮጌ ድንጋይ የግቢውን ገጽታ ስለሚያበላሽ ኖራ ይቀባ።» ከሥሩ የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።