ኑግ ለወፎች

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰፈራችን ካለችው የወፍ ምግብና የአትክልት ዕቃ መሸጫ ገብቼ ከረጢቱን ሳየው ክው አልኩ። ኑግ! እናቴ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጾም የምትበጠብጥልን ያቺው ጥቁር ፍሬ። እዚህ ናይጀር ይሏታል። ከኢትዮጵያም ከህንድም ትመጣለች። ልዘራት ጓጉቼ ነበር፤ ግን እንዳትበቅል በሙቀት ታክማ ነው የምትገባው። ቅር አለኝ።

ቀዳዳው ጠበብ ያለ ረጅም የወፍ መመገቢያ ገዝቼ ከቲማቲሙ መደብ አጠገብ ሰቀልኩት። በአራተኛው ቀን ጎልድፊንች የሚሉት ወፍ መጣ። ወንዱ ልክ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ግንባሩና ክንፉ ጥቁር። ፍሬዋን በምንቃሩ ይዞ ያንከባልላትና ቅርፊቷን ይጥላል። ከመመገቢያው ሥር መሬቱ በቅርፊት ጠቁሯል።

ሱፍም ተክያለሁ። ሲደርቅ አልቆርጠውም፣ ወፎቹ ራሳቸው ይልቀሙት። ትናንት ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። «ውይ፣ ኑጋችንን!» አለች።