ሁለት የተራራቁ የኢሜይል ሰርቨሮችን በስልክ መስመር ስለማገናኘት

አዲስ አበባ ያለ ዋና መሥሪያ ቤትና ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ቅርንጫፍ በተራ የስልክ መስመር ብቻ ኢሜይል እንዲለዋወጡ ማድረግ ዛሬ ያረጀ ሙያ ይመስላል። እኔ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ስሠራው ስለቆየሁ የተማርኩት ሳይጻፍ እንዲጠፋ አልፈልግም። ሞደሙን፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ማስደወል በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኞች በኢሜይሉ እንዲተማመኑ ወይም ተስፋ ቆርጠው ወደ ፋክሱ እንዲመለሱ የሚያደርገው ግን ርክክቡ ነው፤ ደብዳቤው በየትኛው ሰዓት በማን ኃላፊነት ሥር እንዳለ፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ መስመሩ መሀል ላይ ሲቆረጥ በመንገድ ላይ ያለው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ቢሆንም፣ ኢሜይል ግን ከዚያ ቀድሞ ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በፊዶኔት አሠራር ደብዳቤ እያከማቸ በስልክ ያስተላልፍ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጀመረው መረብ ሲሆን፣ የግል ኮምፒዩተሮች በተወሰነ የሌሊት ሰዓት እርስ በርስ እየተደዋወሉ መልእክት ይለዋወጡበት ነበር። ዩኒክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና በኩል ደግሞ ፋይልና ደብዳቤ በስልክ የሚያስተላልፈው ዩዩሲፒ ነበር። ማይክ ሌስክ በቤል ላብስ የጀመረው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ተሰራጨ፤ ኢያን ላንስ ቴይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ አዲስ ጽፎ በነፃ አቀረበው። እኔ የምመርጠው የቴይለርን ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ሰርቨሮች ኢሜይል ለመለዋወጥ የሚነጋገሩበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ ላኪውም ተቀባዩም ሁልጊዜ መስመር ላይ እንደሚገኙ በማሰብ የተዘጋጀ ነው። ደብዳቤ ያለው ወገን ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፤ ተቀባዩን ካጣው ደብዳቤውን ወረፋ ውስጥ ያቆየዋል፣ እየቆየ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላም ተስፋ ቆርጦ ለጸሐፊው ይመልሰዋል። የቅርንጫፉ ሰርቨር በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ መስመር ላይ የሚወጣ ከሆነ ዋናው ሰርቨር በሚሞክርበት ቅጽበት ቅርንጫፉን የሚያገኘው በዕድል ነው። ስለዚህ አካሄዱ መገልበጥ ነበረበት። የእኛ አገር ፖስታ ቤት በልማድ ደብዳቤ ለቤት አያድልም፤ ባለ ሳጥኑ ራሱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 የወጣው ኢቲአርኤን የተባለው ትእዛዝም ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ቅርንጫፉ ደውሎ ከተገናኘ በኋላ «በስሜ የተቀመጠውን ልቀቅልኝ» ይላል፣ ዋናው ሰርቨርም ወረፋውን ይለቃል። ከእሱ በፊት የነበረው ተርን የተባለው ትእዛዝ ግን ስሙን ብቻ ለጠራ ለማንም ደብዳቤውን ያስረክብ ስለነበር በደኅንነት ምክንያት ተትቷል። ኢቲአርኤን ይህን ያስቀረው ደብዳቤውን ለጠያቂው በዚያው ግንኙነት ላይ ባለመስጠት ነው፤ ዋናው ሰርቨር በሚያውቀው አድራሻ አዲስ ግንኙነት ከፍቶ ይልካል። ስለሆነም ቅርንጫፉ በደወለ ቁጥር አንድ ዓይነት የአይፒ አድራሻ (በመረቡ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ሊሰጠው ይገባል። አድራሻው የሚቀያየር ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣውንና የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ኤቲአርኤን መጠቀም ያስፈልጋል።

መስመሩ ጥሩ ከሆነ በስልክ መስመር ላይ የአይፒ ግንኙነት የሚፈጥረው ፒፒፒና ኢቲአርኤን በቂ ናቸው። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው መስመር በየደቂቃው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ዩዩሲፒን እመክራለሁ። በዩዩሲፒ ማንም ይደውል ማን በአንዱ ጥሪ የሁለቱም ወገን ደብዳቤ ይሄዳል፤ በቴይለር ፕሮግራም «አይ» የተባለውን ፕሮቶኮል (የመላላኪያ ደንብ) ስንጠቀም ደግሞ መላክና መቀበሉ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፣ የስልክ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቀኑን ደብዳቤዎች በአንድ ፋይል ጠርዞ፣ ጨምቆ መላክ ይቻላል፤ ጽሑፍ ብቻ ከሆኑ ብዙ ጊዜ መጠናቸው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የምወድለት ግን መስመሩ ተቆርጦ እንደገና ሲደወል ፋይሉን ካቆመበት መቀጠል መቻሉን ነው። ኤስኤምቲፒ በእንዲህ ያለ ጊዜ ያንኑ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ስሌቱ ያሳያል። 1 ሜጋባይት የሆነ የፎቶ ወይም የሪፖርት አባሪ በኢሜይል ለመሄድ ወደ ፊደላት ሲቀየር ከሲሶ በላይ ያድጋል። በ14,400 ቢት ፍጥነት በሰከንድ የሚያልፈው 1,800 ባይት ያህል ስለሆነ ያ አንድ አባሪ ብቻውን ወደ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በ12ኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ቢቆረጥ በኤስኤምቲፒ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ሰርቨሩም ያንኑ አባሪ ደጋግሞ ሲጀምር ከኋላው የተሰለፉት አጫጭር ደብዳቤዎች ይታገታሉ። በዚህ ምክንያት የአንድ ደብዳቤ መጠን ላይ ገደብ እንዲደረግ፣ ገደቡም በሰርቨሩ ውስጥ ተደብቆ ከሚቀር ለሠራተኞቹ በግልጽ እንዲነገራቸው ሁልጊዜ እከራከር ነበር። ትልልቁን ፋይል ለሌሊቱ ጥሪ ማቆየትም ይቻላል።

ወደ ሞደሙ ስንመጣ፣ ፋብሪካው ያስቀመጠለት ቅንብር ለእኛ መስመር የተሠራ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሞደሙ የሚጠብቀው የመስመር ድምፅ ከስልክ ጣቢያው ከሚመጣው ድምፅ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ መስመሩ እያለ «ድምፅ የለም» ብሎ ይዘጋል። መፍትሔው ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል «ኤክስ 3» በሚለው የሞደም ትእዛዝ ማዘዝ ነው። የድርጅቱ ስልክ በስዊችቦርድ በኩል የሚወጣ ከሆነ ከ9 ቁጥር ቀጥሎ አንድ ነጠላ ሰረዝ ይገባል፤ ሞደሙ ይህን ሲያይ ለ2 ሰከንድ ያህል ቆም ብሎ የውጭ መስመር ይጠብቃል። አሮጌ የስልክ ጣቢያ ባለበት ከተማ በድምፅ መደወሉ ቀርቶ በምት (በመስመሩ ላይ በሚቆጠሩ አጫጭር መቆራረጦች) እንዲደውል ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ፍጥነቱን በተመለከተ 33,600 የሚችል ሞደም ባልጠራ መስመር ላይ ከፍ ለማለት ሲታገል በየጊዜው ግንኙነቱን እንደገና ስለሚያስተካክል፣ ከ14,400 ወይም ከ9,600 እንዳያልፍ መገደቡ በውጤቱ የበለጠ ደብዳቤ ያሳልፋል። የሞደሙን ድምፅ ማጉያ ግንኙነቱ እስኪያዝ ድረስ ክፍት መተውም መልካም ነው፤ የቢሮው ሠራተኞች ጥሪው መሳካቱንና አለመሳካቱን ከፉጨቱ መለየት ስለሚለምዱ ችግሩ ቶሎ ይነገራል።

ሰርቨሩ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እንዲደውል ማድረግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኢሜይል ሰርቨር አንድን አድራሻ ለማጣራት ብቻ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ዲኤንኤስን ይጠይቃል፣ ጥያቄው መስመሩን ያስነሳል፣ በወሩ መጨረሻም ማንም ያልጻፈው ደብዳቤ የስልክ ሂሳብ ሆኖ ይመጣል። ወጪው ደብዳቤ ሁሉ ወረፋ ይዞ ይቆይና ጥሪው በሰዓት ይሁን፤ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ቀትር ላይና ማታ። ቅርንጫፎቹ ብዙ ሆነው ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሞደም ብቻ ካለው ደቂቃዎቹን ማለያየት ግድ ነው። በኮምፒዩተሩ 7 ሰዓት የሚባለው ለጥበቃው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ ማንም ሰው በጥሪ ሰዓት ማሽኑን አያጠፋም።

በክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። ብዙ መሥሪያ ቤት ለኤሌክትሪኩ መከላከያ ይገዛና የስልኩን ገመድ ይረሳዋል፤ ሞደም የሚቃጠለው ግን በስልኩ በኩል በሚመጣው ኃይልም ጭምር ነው። የስልክ መስመር መከላከያ ከአንድ ሞደም ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው።

ይህ አሠራር ዛሬም አልሞተም። ሪዞማቲካ የተባለው ድርጅት ኸርሚስ በተሰኘው ሥርዓቱ በአማዞን ደን ውስጥ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች በአጭር ሞገድ ሬዲዮ መልእክት የሚያስተላልፈው በዚሁ በዩዩሲፒ ነው። ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራምም ከዩዩሲፒ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያስረዳ መመሪያ አለው።

ሥርዓቱን ለቅርንጫፉ ከማስረከብ በፊት የማደርገው ፈተና አለ። በሁለቱም በኩል ተለይተው የሚታወቁ ደብዳቤዎችን ወረፋ ውስጥ አስገብቼ፣ ጥሪው እየተካሄደ ሳለ የስልኩን ገመድ እነቅላለሁ፤ አንድ ጊዜ በመጀመሪያው ላይ፣ አንድ ጊዜ በመሀሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤው አልቆ ማረጋገጫው ሊመለስ ሲል። ሦስተኛው ነቀላ ከሁሉም ከባዱ ነው። ተቀባዩ ደብዳቤውን ተረክቧል፣ ላኪው ግን ይህን አልሰማም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጥሪ ያንኑ ደብዳቤ ደግሞ ይልካል። ክሬግ ፓርትሪጅ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለዚሁ የኤስኤምቲፒ ችግር ሲጽፍ ተቀባዩ ደብዳቤው እንዳለቀ ማረጋገጫውን ሳይዘገይ እንዲመልስ መክሯል። በእኔም መለኪያ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቢደርስ መዘግየቱ ተመርምሮ ይታረማል፤ አንድም ደብዳቤ ከጠፋ ግን ሥርዓቱ ለቅርንጫፉ አይሰጥም።