ለቋንቋ ሥራ የምትወጡ፣ ደብዳቤውን ከቀበሌ ጀምሩ

ባይሶ በአባያ ሐይቅ ላይ በምትገኘው ጊዲቾ ደሴትና በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኙ እንደ አልጌ ባሉ መንደሮች የሚነገር ኩሻዊ ቋንቋ ነው። ዙሪያውን እንደ ጋሞና ወላይታ ባሉ ኦሞአዊ ቋንቋዎች የተከበበ ሲሆን፣ ልጆቹም በትምህርት ቤትና በገበያ በሌላ ቋንቋ ስለሚግባቡ የቤታቸው ቋንቋ እየሳሳ ነው። እኔ ሐዋሳ ተቀምጬ ይህን ቋንቋ እሰንዳለሁ፤ ለልጆችም የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። የመሣሪያው ነገር ቀላል ነው፤ ድምፁን ባልታመቀ ዋቭ ፋይል መቅረጽ፣ ማይክራፎኑን ከሐይቁ ነፋስ መከለል፣ ከዚያም ቅጂውን ኢላን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከድምፁ ጋር እያናበቡ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው።

ፍዳዬን ያየሁት በትብብር ደብዳቤው ነው። አሠራሩ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይላል። የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ሐዋሳ ስለነበረች ጉዳዩ ከደጃፌ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ደብዳቤው በእጄ የገባው ክልሉ ሊፈርስ ሲቃረብ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተበተኑ። ዞን ላይ ያገኘሁት ባለሙያ ከይዘቱ አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ማኅተሙን አየና «ይህ ክልል እኮ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ሐዋሳ ስመለስ ፋይሎቹ በካርቶን ሆነው በሲባጎ ታስረዋል፤ የወጪ ደብዳቤ መዝገቡም ተጭኖ ሄዷል። አዲሱ ቢሮ ደግሞ መጀመሪያ የጻፈልኝ አካል ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ጠየቀ። የፈረሰ መሥሪያ ቤት በምን እጁ እንደሚጽፍ ግን የነገረኝ የለም።

ከማኅተሙ ጀርባ ፍርሃትም ነበረ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ተጨፍልቀው ሲቀርቡ ሶዶ ላይ የተነሣው ቁጣ የሰው ሕይወት ስለቀጠፈ፣ «ቋንቋ» እና «ፊደል» የሚሉ ቃላት የሰፈሩበትን ወረቀት ለመፈረም የሚደፍር ኃላፊ ጥቂት ነው። ሆኖም ያኔ ሕዝቡን ያስቆጣው ከላይ የተጫነው ድብልቅ ነበር፤ የራስን ቋንቋ መጻፍና ማሳደግማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 የተሰጠ መብት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከአሠራሩ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹንና ቀበሌውን አነጋግራችሁ፣ ሥራውን እነርሱ ራሳቸው እንደሚፈልጉት የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ አስፈርሙ። እኔ በመጨረሻ ይህን ይዤ ወረዳ ስገባ ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተጽፎ ወጣ።

በቀረጻው ላይ ደግሞ የቃላት ዝርዝር ይዛችሁ በአማርኛ አትጠይቁ፤ ተረት አስነግሩ። የባይሶ ስም ከነጠላና ከብዙ ሌላ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ገደማ ለሆነ ጥቂት ነገር የራሱ ቅርጽ አለው፦ ሉባንቲቲ አንድ አንበሳ፣ ሉባንጃ ጥቂት አንበሶች፣ ሉባንጆል ብዙ አንበሶች። አማርኛችን «አንበሳ» እና «አንበሶች» ብቻ ስለሚል፣ በእርሱ የጠየቀ ሰው መካከለኛውን ሳይሰማ ይመለሳል። እኔ ያገኘሁት አንዲት እናት ስለ አደን እያወሩ፣ እኔም ዝም ብዬ ሳዳምጥ ነው።

የመጽሐፉ ማጽደቂያ እስካሁን ከዞን አልመጣም። እስኪመጣ ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቼ ለወላጆች ሰጥቻለሁ።