እኔ ሹፌር፣ እሱ ወያላ

ሰው ሁሉ አንድ አይነት ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ያቺን ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚነዳትን ረጅሟን ሳይክላችንን፣ ታንደም የምትባለውን፣ ያየ ሀበሻ በሙሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ "እና ባልሽ ከኋላ ነው የሚቀመጠው?" ይላል። አዎ ከኋላ ነው። ሶስተኛዋ ጥያቄ ደግሞ "እሱስ ይረግጣል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚጫነው?" ናት፣ እሷን ለብቻዋ እመጣባታለሁ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ እዛ ጋ ነው።

ያደግኩት ባህር ዳር ነው። ባህር ዳር ያደገ ሰው ሳይክል መቼ እንደቻለ ራሱ አያስታውስም፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ትምህርት ቤት በሳይክል፣ ገበያ በሳይክል፣ ማታ ጓደኛ ጭኖ ሐይቅ ዳር። ሰውዬው ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ያውም የሽሮ ሜዳ፣ ዳገት በዳገት። ልጅ እያለ የኪራይ ሳይክል ሰፈር ውስጥ ዞሮበታል እንጂ ዋና መንገድ ወጥቶ አያውቅም። እዚህ ቨርጂኒያ ስንኖር እኔ ሳይክሌን ይዤ ስወጣ እሱ ጂም ይገባል፣ ቅዳሜያችን እንደዛ ለየብቻ ሆኖ ቀረ። አብረን እንውጣ ብለን በሁለት ሳይክል ሞክረን ነበር ግን አልሆነም፣ እኔ እቀድማለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እሱ እያለከለከ ሲደርስ እኔ አርፌ ጨርሻለሁ ስለዚ እነሳለሁ፣ እሱ ደሞ ሳያርፍ ይከተላል። እንደዚ አይነት ቅዳሜ ማን ይወዳል? ታንደም የሚባለውን ነገር ያመጣው እሱ ነው፣ ይመዝገብልኝ። ሀሳቡም ልክ ነበር፣ ጉልበታቸው የማይመጣጠን ሁለት ሰዎች ሳይጠባበቁ አብረው የሚሄዱበት ሌላ ሳይክል የለም፣ አንዱ ሊቀድም ቢፈልግም አይችልም።

ሱቅ ሄደን ስንጠይቅ ልጁ ፊት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከበድ ያለውና ልምድ ያለው ነው አለን። ችግሩ እኛ ጋ ከበድ ያለውና ልምድ ያለው አንድ ሰው አደለም። እሱ 85 ኪሎ፣ እኔ 58። ተያየን። ልጁም ገባው መሰለኝ ሳቅ ብሎ "ልምድ ይበልጣል" አለና ገላገለን። ከዛ ደሞ ሌላ ጣጣ መጣ፣ የሚሸጡት ታንደሞች አብዛኞቹ ፊታቸው ትልቅ ኋላቸው ትንሽ ሆነው ነው የተሰሩት፣ ማለት ወንዱ ፊት ሴቷ ኋላ ተብሎ ታስቦ። እኛን የሚሆን፣ ፊትም ኋላም እኩል የሆነ ያገለገለ እስክናገኝ ብዙ ፈለግን። አሁንም የኋላውን ኮርቻ ምሰሶ እስከ መጨረሻው ስበን ነው የሚቀመጠው።

አሰራሩን ለማታውቁ። መሪው የሚዞረው የፊቱ ብቻ ነው፣ ፍሬኑም ማርሹም እኔ ጋ ነው። የኋላው ሰው የሚይዘው መሪ አለ ግን አይዞርም፣ ለመያዣ ያህል ነው። በቀኝ በኩል እንደማንኛውም ሳይክል ካቴና አለ፣ በግራ በኩል ደሞ ሌላ ካቴና አለ፣ የሱን ፔዳል ከኔ ፔዳል ጋር የሚያስር። ስለዚ እኔ ካቆምኩ ያቆማል፣ እሱ ከዞረ እዞራለሁ። ፔዳሎቹ ለየብቻ እንዲቆሙ ተደርገው የሚሰሩ ታንደሞችም አሉ፣ ዋጋቸውን አይተን ወደ ካቴናችን ተመለስን።

ከሁሉ የከበደን መንዳቱ አልነበረም፣ መነሳትና መቆም ነው። እሁድ ጠዋት ባዶ የሚሆን ሰፊ ፓርኪንግ አለ፣ እዛ ሄደን ስንነሳ ስንቆም፣ ስንነሳ ስንቆም። የፊቱ ሰው እግሩን ሰፋ አድርጎ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ሁለቱንም እግሩን ፔዳል ላይ ያደርጋል፣ ከዛ ወደኋላ አዙሮ የኔን መነሻ ፔዳል ከፍ ያደርግልኛል። እዚህ ላይ እግርሽን ካላሰፋሽ ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥምሽን ነው የሚልሽ። ስንቆም ደሞ እግር የማወርደው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ይሄን ማመን ለ85 ኪሎ ሰው ከባድ ነው፣ ሳይክሉ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር የሱ እግር አስፋልት ይፈልጋል፣ እግሩን ሲያወርድ ክብደቱ ይዛወርና ይብሱን እንንገዳገዳለን። ኮርቻዬን ዝቅ አድርጌ ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲደርሱ ካደረግኩ በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው።

የምንጠራራበት ቃል ያስፈልገን ነበር። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው ሞክረን ሳቃችን መጣ። ከዛ አንድ ቀን መነሻ ላይ ሳለን ሰውዬው ከኋላዬ የሳይክሉን ብረት በመዳፉ ጠብ ጠብ አደረገና "ሳበው!" አለ። በቃ አለቀ። ከዛ ቀን ጀምሮ እኔ ሹፌር ነኝ እሱ ወያላ ነው። ተዘጋጅቶ ሲቀመጥ "ሞልቷል" ይላል፣ መነሻው "ሳበው" ነው፣ መቆም ሲፈልግ "ወራጅ አለ"። እኔ ደሞ በኔ በኩል "ጉድጓድ"፣ "ፍሬን"፣ "ማርሽ"፣ "እናርፍ"፣ "ግራ" እላለሁ። ማርሽ ስል ሁለታችንም እግራችንን ትንሽ እናላላለን፣ በሁለት ሰው ጉልበት ተወጥሮ ያለ ካቴና ላይ ማርሽ ብትቀይር የሚያወጣው ድምፅ አንጀት ይበላል። እጅ ማሳየት የሱ ስራ ነው፣ የሱ እጅ ነፃ ስለሆነ ወደ ግራ ስንታጠፍ እሱ ያሳያል፣ እኔ ሁለት እጄን መሪው ላይ ይዤ እቀራለሁ። ውሃም ያቀብለኛል፣ ካርታም ያያል፣ ቪዲዮም ይቀርፃል። ሂሳብ መቀበል ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ወደዛች ጥያቄ። ይረግጣል ወይ?

ታንደም ላይ የወጣ ጥንድ ሁሉ ሁለቱም በየልባቸው አንድ ነገር ነው የሚያስቡት፣ "እኔ ብቻዬን ነው የምሰራው"። እኔ አላየውም፣ ከጀርባዬ ነው። እሱ ጀርባዬን እንጂ እግሬ ምን ያህል እንደሚገፋ አያይም። ሁለታችንም በእግራችን የሚሰማን የድምሩ ውጤት ነው። ዳገት ላይ ሳይክሉ ሲከብድ "እየረገጥክ ነው?" ማለት አፌ ላይ ይመጣል፣ ይሄ ጥያቄ በዚህ ሳይክል ላይ ከስድብ አይተናነስም፣ እሱም አንዴ "አንቺ ሴትዮ ፍሬን ይዘሻል እንዴ?" ብሎኛል። እና ያጣላን የነበረው ስንፍና አልነበረም። እኔ በዛ ማርሽ በሌለው ከባድ የቻይና ሳይክል ያደግኩ ሰው በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ እየገፋሁ መሄድ ነው የለመድኩት፣ በደቂቃ ስድሳ ዙር ቢሆን ነው። ሰውዬው ደሞ ጂም ስፒኒንግ፣ ማለት የማይሄደውን ሳይክል በፍጥነት መርገጥ የለመደ፣ ዘጠና ካልዞረ እግሩ የታሰረ ይመስለዋል። በአንድ ካቴና ላይ ስድሳና ዘጠና አይሆንም። እኔ ስገፋ እሱ ሊያፈጥን ይፈልጋል፣ እሱ ሲያፈጥን እኔ ኮርቻዬ ላይ እዘላለሁ፣ ሁለታችንም አንዱ አንዱን እየጎተተው ይመስለናል። ሰማንያ አካባቢ ተስማማን፣ እሱ ለጉልበቴ አዝኖ ቀነሰ እኔም ማርሽ ማቅለል ለመድኩ፣ እና ከዛ በኋላ ነው መጀመሪያ ጊዜ ሳይክሉ በራሱ የሚሄድ የመሰለኝ። ከቪየና፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ካለችው፣ ስንመለስ ነበር፣ ማንም ምንም አላለም፣ እሱ "ሰማሽው?" ብቻ አለኝ።

አሁንማ ፔዳሉ ስለሱ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ሁዳዴ ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ሳይበላ ስንወጣ መች እንደደከመ ከሱ በፊት አውቃለሁ፣ ታች ሲደርስ አንድ ትንሽ ባዶነት አለች ፔዳሉ ላይ። ስልክ ሲያይ ይታወቃል። ሲያኮርፍ ደሞ በጣም ይታወቃል፣ አኩርፎ እኩል ይረግጣል ግን እንደ ማሽን ነው፣ ምንም አይጨምርም ምንም አይቀንስም። እሱም ስለኔ እንደዛው ይላል፣ ስራ ቦታ ያናደደኝ ነገር ካለ መጀመሪያው አንድ ማይል ላይ እግሬ ይናገራል አሉ። ፈረንጆቹ የሚቀልዱባት ነገር አለች፣ ትዳራችሁ ወዴትም እየሄደ ይሁን ታንደም ቶሎ ያደርሰዋል የምትል። እኔ ቶሎ ያድርስ አያድርስ አላውቅም፣ ግን የት እንዳላችሁ በእግር ያሰማል።

ለመለማመድ ሽርሊንግተን የሚጀምረውን መንገድ ብታዩ ደስ ይለኛል፣ ደብሊው ኤንድ ኦዲ (ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን) የሚባለውን። ድሮ የባቡር ሀዲድ ነበር፣ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመ፣ አሁን አስፋልት ነው፣ እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር። ባቡር የወጣው ዳገት ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም፣ ፎልስ ቸርች ጋ ግን መንገድ ማቋረጫ ይበዛል፣ ያው መነሳትና መቆሙን ሳትወዱ በግድ ትማሩታላችሁ። ማውንት ቨርነን የሚወስደው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው 29 ኪሎ ሜትር ደሞ ያምራል ግን ጠመዝማዛ ነው፣ የእንጨት ድልድዮቹ ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ፣ እንደኛ ያለ ረጅም ሳይክል ጠባብ ኩርባ ላይ እንደ ሌላው እጥፍ አይልም። በዚሁ መንገድ ሬገን ኤርፖርት ጋ ስትደርሱ አውሮፕላኑ ከራሳችሁ በላይ ነው የሚያርፈው፣ ወያላዬ ቢጮህ ቢጮህ አይሰማኝም፣ ስለዚ እዛ ጋ ጀርባዬን መታ ያደርጋል፣ አንዴ ቀስ በይ፣ ሁለቴ ቁሚ።

ቁልቁለት ሌላ አለም ነው። የሁለት ሰው ክብደት አለ፣ ነፋሱን የምሰነጥቀው ግን እኔ ነኝ፣ እሱ ከኋላዬ ተከልሏል፣ ስለዚ ሳይክሉ እንደተለቀቀ ድንጋይ ይወርዳል። ዳገት ላይ የሚቀድሙን ሰዎች ቁልቁለት ላይ አንድ በአንድ እናልፋቸዋለን፣ እኔ እንዴት ደስ እንደሚለኝ። እሱን አይለውም። ፍሬን የለውም፣ መሪ የለውም፣ ወደፊት አያይም። "ኧረ ሆድዬ ቀስ፣ ኧረ በማርያም" ይላል።

ፓራሊምፒክ ላይ ማየት የተሳናቸው ብስክሌተኞች በታንደም እንደሚወዳደሩ ታውቁ ይሆናል፣ የሚያይ ሰው ፊት ሆኖ እነሱ ከኋላ። እሱን ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ፣ ከኋላ ላለ ሰው መንገዱ ማለት የፊተኛው አፍ ነው። የሱቁ ልጅም ቦታ ቀያይሩ ብሎን ነበርና ፓርኪንጉ ውስጥ እኔ ከኋላ ሆንኩ፣ በዝግታ። የማየው ጃኬት ነው። ሰማያዊ ጃኬት፣ በቃ። እጄ ፍሬን ይፈልጋል፣ የለም። ሳይነግረኝ ሲታጠፍ ሆዴ ከሳይክሉ ኋላ ቀረ። አሁን ቁልቁለት ስንወርድ ሳላቋርጥ እለፈልፋለሁ፣ "ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ታች ሜዳ ነው፣ አንድ ሰው ውሻ ይዞ አለ፣ ይዤልሃለሁ፣ አሁን ለቀቅኩ"፣ እሱም ኧረ በማርያሙ ቀነሰለት። ፍጥነታችን ያው ነው፣ አልቀነስኩም።

አማቴ በቪዲዮ አይታን "ምነው የኔ ልጅ፣ ልጄን ከኋላ አስቀመጥሽው?" አለችኝ። እሱ ቀበል አድርጎ "እማዬ፣ ከኋላ ሆኜ ነው የምገፋት" አላት። ደስ አላት። እኔ ምንም አላልኩም፣ ደሞም ውሸት አደለም።

ከፋሲካ በኋላ ፐርሰልቪል ድረስ ልንሄድ ተስማምተናል። 72 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያውቃል፣ ስንቁን ራሱ ነው የሚያስበው፣ ቆሎና ቴምር ገዝቷል። መኪናችን ሽርሊንግተን ቆማ እንደምትጠብቀን፣ ማለት ያንኑ 72 በሳይክል እንደምንመለስ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።