በሁዳዴ ዓሣ የለቀቀው ሰውዬ

አክስቴ አልተቀየምኩህም ትለኛለች። ግን በደወልኩ ቁጥር ከኋላዋ የሰው ሳቅ እሰማለሁ። ባለፈው እሁድ ደግሞ ጎረቤቷ ስልኩን ተቀብለው «ዓሣው ደህና ነው?» አሉኝ። ወሬው በሰው አፍ ከሚበላሽ እኔው ልናገረው ብዬ ነው።

እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ፣ በ1998 ዓ.ም በዲቪ ወጥቼ ሚኒሶታ የከተምኩ ሰው ነኝ። ሐይቅ ዳር ልደግ እንጂ ዓሣ ማጥመድ አላውቅም ነበር። ዓሣ ገዝተህ ና ተብዬ አሞራ ገደል እላካለሁ፣ ገዝቼ እመለሳለሁ፣ በቃ። ውሃው ጫፍ ላይ ከታየሁማ እቴቴ (አክስቴን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት) የምትቀበለኝ በኩርኩም ነው። ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት ሰው አገር ነው። የሚኒሶታ መኪና ታርጋ ላይ «10,000 ሐይቆች» የሚል ተጽፎበታል። ብርዱ ሲመጣ ያ ሁሉ ሐይቅ በረዶ ይሆንና ሰዉ መኪናውን በላዩ ላይ ነድቶ ይገባል፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ በቀዳዳዋ ክር ይልክና ወንበር ዘርግቶ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ሳያቸው ያበዱ ነበር የመሰለኝ። በሦስተኛው ዓመት እኔም አንዷ ቀዳዳ አጠገብ ቁጭ ብዬ ተገኘሁ።

እዚያ ዓሣ ማጥመድ ሕግ አለው። ፈቃድ ታወጣለህ። ከዚህ ቁጥር በላይ አይያዝም፣ ከዚህ ያጠረ ይለቀቅ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሊበላው አይደለም የሚያጠምደው። ይይዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቃል። ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ የወቅቱን የመጀመሪያ ዓሣ የሚለቀው ግንባሩን ስሞ ነው። ዕድል ያመጣል ይላል። እኔም ለመድኩ። እንግዲህ አሥራ ምናምን ዓመት ዓሣ ስሜ ስለቅ ኖሬያለሁ። ይቺን ያዙልኝ።

በ2017 ዓ.ም ሁዳዴ ላይ፣ ከ19 ዓመት በኋላ፣ አገሬ ለመግባት ትኬት ቆረጥኩ። ከመምጣቴ በፊት በስልክ ጉራዬን ነዛሁ። «እቴቴ፣ ዘንድሮ ዓሣ የማበላሽ እኔ ነኝ። በእጄ ይዤ! ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪ።» አፌን በቆረጠው። ጠራች። (ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። እቴቴ ቤት ሁዳዴን ሙሉ ይበላል። ጎረቤቷ እማማ ደግሞ አይበሉም፣ ግን ለክርክሩ ሲሉ አይቀሩም።)

ስገባ ሻንጣ የሚፈትሸው ልጅ ረጅሙን ጥቁር ቱቦዬን አየና ዓይኑን አጠበበ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።»

«ለሽያጭ?»

«አይ፣ እኔው ላጠምድበት።»

«ዓሣ ለማጥመድ ነው ከአሜሪካ የመጣኸው?»

አዎ ስለው ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሌላ ጠራ። ጥቂት ቆይቶ አራት ሆነው ዘንጉን ገጣጥመው በየተራ ሲወዛውዙ እኔ ስለ አወራወር ትምህርት እየሰጠሁ ነበር። አንዱ እንዲያውም እጁ ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየሁት። ፒያሳ ሄጄ ማኪያቶ ልጠጣ ብዬ ራይድ ጠራሁ። ሾፌሩ አንድ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ዛፍና መብራት የተደረደረበት፣ የብስክሌት መንገድ ያለው ቦታ ላይ አቆመና «ደርሰናል» አለኝ። የት? አልኩት። ፒያሳ አለኝ። አይ፣ አሮጌው ፒያሳ አልኩት። ልጁ በመስታወት አየኝ። እንዳዘነልኝ ያስታውቃል። ማመን የቻልኩት ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ እንደተቀመጡ ሳያቸው ነው። ማኪያቶው ሌላ ሰፈር ተጠጣ።

ሐዋሳ የወሰደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ስወጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፣ አሁን መኪና ትነዳለች። ድሮ ከአይሱዙ ጋር ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ እያልን በምንወጣው በኩል አሁን ክፍያ ያለው ፈጣን መንገድ ተዘርግቷል። 275 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ስታርመኝ ነው የሄደችው። ደብረ ዘይት ቁርስ እንብላ ስላት «ቢሾፍቱ»። ዝዋይ ላይ እናርፍ ስላት «ባቱ»። አዋሳ ስንት ሰዓት እንገባለን ስላት «ሐዋሳ»። በመጨረሻ «የኔስ ስም ያው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አንተማ ጋሼ ሆነሃል» አለችኝ።

መቂ ላይ ሐብሐብ ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ከቦርሳዬ ጥግ አንድ ባለ መቶ አውጥቼ ለሻጯ ሰጠኋት። ልጅቷ ብሩን ገለበጠችው፣ ወደ ፀሐይ አደረገችው፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄማ ሞቷል።» እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ስወጣ «ስትመለስ ለታክሲ» ብላ የሰጠችኝ ሦስት ባለ መቶ ብሮች ነበሩ። 19 ዓመት ሙሉ በቦርሳዬ ተሸክሜያቸዋለሁ። የብር ኖቱ በ2013 መቀየሩን በዜና ሰምቻለሁ፣ ግን የኔን ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም። ስወጣ 300 ብር ከ30 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። አሁን በሕይወት ቢኖር እንኳ ሦስት ዶላር አይሞላም። ሐብሐቡን የእህቴ ልጅ ከፈለችልኝ።

ሐዋሳ ስንገባ ግራ ገባኝ። ሕንጻው፣ ሆቴሉ፣ ባጃጁ! ያልጠፋኝ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ብቻ ነው። ታቦር ተራራም እግዜር ይስጠው፣ ቦታው ላይ አለ።

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። እቴቴ ቀድማኝ ተነስታለች። «እኔ ዘይቱን ጥጄ እጠብቅሃለሁ። አሥራ ሁለት ሰው ነው የጠራሁት» ብላ መርቃ ሸኘችኝ።

አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባዎቹ መግባት ጀምረዋል። መረብ ይዘረገፋል፣ ሰው ይጯጯኻል፣ ትንንሽ ልጆች በትንንሽ ቢላ ዓሣ ይበልታሉ። እጃቸው ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። አባ ኮዳዎቹ ከዳር ተደርድረው ቆመዋል። አባ ኮዳን ላላያችሁት፣ ራሰ በራ ነው፣ ቁመቱ ደረት ይደርሳል፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎበታል። ሲቆም ደግሞ ካፖርት ደርቦ እጁን ወደኋላ ያጣመረ ጡረተኛ ነው የሚመስለው። አንዱ የዓሣ ጭንቅላት እንዳለ ሲውጥ አየሁት። እብጠቷ በአንገቱ ውስጥ ቀስ እያለች ስትወርድ ትታያለች።

ይኸው ጡረተኛ ዕቃዬን ስዘረጋ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሳጥኔን ከፍቼ ክር ሳስተካክል አንገቱን ዘረጋና አንዷን የላስቲክ ዓሣ ላፍ አደረጋት። ደግነቱ መንጠቆ አልገባባትም ነበር። አፉ ውስጥ አንድ ሁለቴ አገላበጣት። ከዚያ እግሬ ሥር ተፋት። የበሰበሰ አንጀት የሚውጥ ወፍ! ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ባለጀልባው ወጣት «ጉማሬ ላሳይዎት ወይስ ለፎቶ ነው?» አለኝ። እዚሁ ነው ያደግኩት ብዬ ተቆጣሁ። «እሺ ጋሼ» አለና የቱሪስቱን ዋጋ ነገረኝ። አንድ የ12 ዓመት ልጅም አብሮን ገባ። ዕቃው ሸምበቆ፣ ናይለን ክርና ቆርቆሮ ሙሉ ትል ነው። ከኔ ጋር ሲተያይ በልቤ አዘንኩለት።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረወርኩ። የሚያብረቀርቅ፣ የሚንቀጫቀጭ፣ ባለ ላባ፣ ባለ ሁለት ቀለም፣ ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። ምንም። ልጁ እዚያው አጠገቤ ሸምበቆውን ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና ሲያደርግ ሰባት ቆሮሶ አወጣ። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ቆሮሶ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቃ አረንጓዴ ነገር ነው። የኔ ዕቃ ደግሞ ትንሽ ዓሣ መስሎ አዳኝ ዓሣ እንዲያናድድ የተሠራ ነው። በሁዳዴ ለጿሚ ክትፎ ይዞ እንደመዞር ቁጠሩት።

«ጋሼ፣ ትል ልስጥዎት?» አለኝ ልጁ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ኩራቴን ዋጥኩና ተቀበልኩ። ገና ክሩ ውሃ ከመንካቱ ዘንጌ ጎበጠ። ሪሉ ጮኸ። ባለጀልባው «ያዘ! ያዘ!» እያለ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ስቤ ሳወጣው እንዴት ያለ ቆሮሶ! ሁለት መዳፍ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አይሸፍነውም። ልጁ ከዚያ ሁሉ ዓሣው እንዲህ ያለ አላወጣም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ሳልሆን እጄ ነው ያደረገው። እጄን ውሃ ነካ አደረግኩ፣ ቅርፊቱ እንዳይጎዳ። መንጠቆውን ቀስ ብዬ ፈታሁ። ወደ ካሜራው ዞሬ ፈገግ አልኩ። ግንባሩን ሳምኩት። ውሃ ውስጥ አስገብቼ ትንፋሹ እስኪመለስ ደግፌ ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅኩት። ጭራውን አንዴ መታና ሄደ።

ጀልባው ላይ ዝም ተባለ።

«አመለጥዎት?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«አይ፣ ለቅቄው ነው።»

«ለምን?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ባለጀልባው ስልኩን እንደያዘ «በሁዳዴ ዓሣ ይለቀቃል እንዴ!» አለ። ልጁ ዓሣው የገባበትን ቦታ እያየ ዘሎ ልግባ አልግባ እያለ ያስባል። ከዚያ ዞር ብሎ እንባ በተናነቀው ድምፅ «ትሉ እኮ የኔ ነበር» አለኝ።

አሥራ ሁለቱ ሰዎችና የተጣደው ዘይት ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ክው አልኩ። ሌላ ሁለት ሰዓት ቆየን። አንድም አልነካኝም። ያ ዓሣ ታች ሄዶ ያወራ ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ የልጁን ዓሣዎች ለመግዛት ተደራደርኩ። ዘጠኝ ደርሰውለታል። 1,200 ብር አለኝ። ለሰው ስንት ነው የምትሸጠው ስለው «ሰው አይለቃቸውም» አለኝ። የትሉን ለብቻ 100 ብር ጨመረበት። ተገቢ ነው፣ አልተከራከርኩም። ኪሴ ውስጥ ያለው ዶላርና የሞተ ብር ነው። «ቴሌብር የለዎትም?» አለ ባለጀልባው። የለኝም። ለእህቴ ልጅ ደወልኩና ለጀልባ ነው ብዬ ብር ላኪለት አልኳት፣ እሷም በደቂቃ ውስጥ ለባለጀልባው ላከች። ልጁ ድርሻውን ተቀብሎ ሲወርድ እንኳ ደህና ዋሉ አላለኝም።

ዓሣዎቹን በላስቲክ አንጠልጥዬ ባጃጅ ያዝኩ። በመንገድ ላይ እንዴት እንደያዝኳቸው የምናገረውን ታሪክ አሳምሬ አዘጋጀሁ። ትልቁን በግራ እጄ፣ ሌላውን በንፋስ ላይ ወርውሬ... ባጃጁ መብራት ላይ ሲቆም ሾፌሩ ስልኩን አየ። ከዚያ በመስታወት እኔን አየ። ደግሞ ስልኩን።

«ፋዘር፣ አንተ ነህ እንዴ?»

ቲክቶክ ነው። ባለጀልባው ከሐይቁ ሳንወጣ ለጥፎታል። «ዓሣ ስሞ የሚለቅ ዲያስፖራ» የሚል ጽፎበታል፣ ከሥሩ የሚስቅ ፊት ደርድሮ። ስወጣ ሰፈራችን ወሬ የሚደርሰው በሠራተኛ አፍ፣ ማታ ማታ ነበር። አሁን ከባጃጅ ይቀድማል።

እቴቴ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አሥራ ሁለቱም ሰዎች አሉ። ላስቲኩን ተቀበለችኝና ዓሣዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው።

«እነዚህኞቹን አልሳምካቸውም?»

ሳቁ ሰፈሩን አናጋው። የእህቴ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከሁሉ የባሰው እማማ ናቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ኳ አድርገው ተነሱና «አያችሁ አይደለም! ልጁ ጾሙን አክብሮ ነው የለቀቀው። አሜሪካ የኖረው እንኳ ዓሣ እንደማይበላ ያውቃል!» አሉ። እኔ እንደዚያ አይደለም ልል አፌን ስከፍት እቴቴ በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። ክርክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእማማ ሆነ። አሁን ሰው ሲከራከራቸው ቪዲዮውን ነው የሚያሳዩት አሉ።

ዓሣው ተጠብሶ ከዳጣው ጋር ቀረበ። እቴቴ ትልቁን መርጣ ትሪው ላይ ፊት ለፊቴ አደረገችልኝ።

«በል ብላ» አለችኝ። «ይሄኛው ተጠብሷል፣ ብትለቀውም አይሄድም።»