ቮርቲሴላን በሕይወት እያለ ለማሳየት

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ቮርቲሴላን፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የሚታየውን፣ በግንዱ ተጣብቆ ውሃ ውስጥ የሚኖረውን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት፣ ለተማሪዎቼ በሕይወት እያለ ያሳየሁበትን መንገድ ነው የምጽፈው። የላብራቶሪ መመሪያውን ቃል በቃል የሚከተል መምህር የሚያየው ሬሳ ብቻ ነው፤ ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ።

ናሙና ማግኘት አያስቸግርም። የዝናብ ውሃ ያቆረ በርሜል ፈልጉና የትንኝ እጭ በድሮፐር ቅዱ። ቮርቲሴላ እጩ ላይ ስለሚጣበቅ ሻጋታ የለበሰ የሚመስለውን ምረጡ። ቆዳውን በቅርቡ የጣለ እጭ ንጹሕ ነው፤ ተጣብቀውበት የነበሩት ከአሮጌው ቆዳ ጋር ቀርተዋል። ውሃውም ከዚያው በርሜል ይሁን። የቧንቧ ውሃ ካስፈለገ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉን ሳትከድኑ አንድ ቀን አሳድሩት።

ጣጣው ያለው ስላይዱ ላይ ነው። መመሪያው ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፎርማሊን ጨምሩ፣ ከዚያ በሜቲሊን ብሉ አቅልሙ ይላል። ቮርቲሴላ ግን ፎርማሊን ሲነካው ግንዱ እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል፣ ደወል የሚመስለው አካሉ አፉን ዘግቶ ይድቦለቦላል፤ እንደዚያው ሆኖ ይሞታል። ግንዱ ውስጥ ያለው ክር በካልሲየም ኃይል የሚኮማተረው በሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ገድሎ ሳይጨርስ እሱ ተጠቅልሎ ያበቃል። ለተማሪው የሚተርፈው እጩ ላይ የተለጠፈ ሰማያዊ ፍሬ ነው። አንድ ሱፐርቫይዘር ያልቀለመ ስላይድ «አልተዘጋጀም» ብሎ ነጥብ መቀነሱ ዛሬም ያናድደኛል፤ ጎንበስ ብሎ በሌንሱ እንኳ አላየም።

ቀለሙን የሚተካው ዲያፍራሙ፣ ማለትም ከስላይዱ ሥር ያለው የማይክሮስኮፑ የብርሃን መቆጣጠሪያ ቀዳዳ ነው። ሕዋሱ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ዲያፍራሙ ተከፍቶ ከተተወ አይታይም፤ ጠበብ አድርጉት፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይወጣል። መብራት ከጠፋ መስታወት ያለው ማይክሮስኮፕ መስኮት አጠገብ ይበቃል፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይሁን።

ለስላይዱ ትንሽ እጭ ምረጡ፣ ትልቁ ይፈርጣል። ናሙናውን በሚከድነው ስስ መስታወት (ከቨር ስሊፕ) አራት ማዕዘኖች ጤፍ ጤፍ የምታክል ቫዝሊን አድርጋችሁ፣ እጩ መፈራገጡን እስኪያቆም ብቻ በቀስታ ተጫኑት። የተረፈውን ውሃ በሶፍት ጠርዝ ምጠጡ፤ ሲደርቅ በጎን አንድ ጠብታ ጨምሩ። እጩ አየር የሚስበው ከውሃው ወለል ስለሆነ ከሩብ ሰዓት በላይ አታቆዩት። ባዶ ግንዶች ብቻ ካያችሁ ውሃው ተበላሽቷል፤ ደወሉ ግንዱን ጥሎ ሌላ ማረፊያ ፍለጋ ዋኝቷል።

በ10 ሌንስ ፈልጉ፣ በ40 ተመልከቱ። ጠረጴዛውን በጣት መታ አድርጉ፤ ግንዱ ጥቅልል ይላል፣ ቀስ ብሎም ይዘረጋል። ቅርንጫፍ ያለው ግንድ ጨርሶ ካልተጠቀለለ ቮርቲሴላ ሳይሆን ዘመዱ ኤፒስታይሊስ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻ ከተኮማተረ ካርኬሲየም፣ ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ ዙታምኒየም የሚባሉት ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው።

ደግሞ ቮርቲሴላ የእጩን ደም ይመጥጣል ብላችሁ እንዳታስተምሩ። የሚበላው ውሃው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ እጩ መቆሚያው ብቻ ነው። የሥራ ማስረጃ ከተጠየቃችሁም ስልካችሁን ሌንሱ ላይ ደግናችሁ ሲጠቀለል ቪዲዮ ቅረጹ፣ ፎርማሊኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ተዉት።